በማይታይ ብርሃን መላላክ

ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ በብዙዎቻችሁ ቤት አለ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠው ሪሞት ነው። ቁልፉ ሲጫን ፊት ለፊቱ ካለችው ትንሽ አምፖል ብርሃን ይወጣል፤ ዓይናችን ግን አያየውም። በዚያ ብርሃን ላይ ሠላሳ ሁለት የዜሮና የአንድ ምልክቶች ተራ ይዘው ይሄዳሉ። ሪሲቨሩ ይቀበላቸዋል፣ ይቆጥራቸዋል፣ ትክክል መሆናቸውን ይመረምራል፤ ቻናሉን የሚቀይረው ከዚያ በኋላ ነው። መልእክቱ ተልኮ እስኪደርስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ከነፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ ዲሽ በተተከለበት ቤት ሁሉ አንድ ሙሉ የመረጃ መላላኪያ ሥርዓት በየቀኑ እየሠራ ነው። እኔም ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ይህን ሥርዓት ከፍተው ሊረዱት፣ ከተረዱትም በኋላ በገዛ እጃቸው ሠርተው ለራሳቸው አገር ሥራ ሊያውሉት ይችላሉ። ከሚያስፈልገው ዕቃ ብዙው በየጥገና ቤቱ ጥግ በተከመሩት የተቃጠሉ ሪሲቨሮችና የተሰበሩ ሪሞቶች ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ስለ ብርሃኑ እንነጋገር። የቀስተ ደመናን ቀለማት ሁላችንም አይተናል፤ በአንዱ ጠርዝ ሐምራዊ፣ በሌላው ቀይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊሊያም ኸርሸል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ እንግሊዝ አገር ሆኖ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በተነና በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር እያኖረ ሙቀቱን ለካ። ከቀዩ ጠርዝ ወጣ ብሎ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያኖረው ቴርሞሜትር ከሁሉም በለጠ ሞቀ። ዓይን የማያየው ብርሃን መኖሩ የታወቀው በዚህ ነው። ዛሬ ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ እንለዋለን። የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የሪሞቱ ደግሞ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ካለመታየቱ በቀር ጠባዩ የብርሃን ጠባይ ነው፤ በመስታወት ይንጸባረቃል፣ በሌንስ ይሰበሰባል፣ ግድግዳ ያግደዋል።

ይህን ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፤ በተለይ የፊት ለፊቱን። የሪሞቱን አምፖል ወደ ካሜራው አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ። በስክሪኑ ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ታያላችሁ፤ ቀና ብላችሁ ሪሞቱን ስታዩት ግን ምንም የለም። የካሜራው ዳሳሽ የተሠራው ከሲሊከን ነው፤ ሲሊከን እስከ 1,100 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ያያል። ሪሲቨር የሚጠግን ሰው ይህን ዘዴ ካወቀ፣ ጥፋቱ ከሪሞቱና ከባትሪ ድንጋዩ ይሁን ወይም ከሪሲቨሩ፣ ዕቃውን ሳይፈታ በአንድ ጊዜ ይለየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ፀሐይም ኢንፍራሬድ ትረጫለች፤ የምድጃ ፍምም ይረጫል፤ የእኛ ገላ ራሱ፣ በሌላ የሞገድ ርዝመት ቢሆንም፣ ይረጫል። ሪሲቨሩ የሪሞቱን ትንሽ ብልጭታ ከዚህ ሁሉ ጎርፍ መካከል እንዴት ለይቶ ያውቃል? ከበሽሎ ገደል ማዶ ያለ እረኛ ጓደኛውን ሲጣራ እየቆራረጠ ያፏጫል፤ ነፋሱ ምንም ቢበረታ፣ ያ የተቆራረጠ ፉጨት የሰው ጥሪ መሆኑ ይታወቃል። ሪሞቱም እንዲሁ ያደርጋል። ብርሃኑን አብርቶ አይተወውም፤ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። የፀሐይ ብርሃን ቢበዛም እንዲህ አይርገበገብም። ተቀባዩ ደግሞ በዚህ ፍጥነት የሚርገበገበውን ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚጥል ማጣሪያ በውስጡ አለው።

ለምን 38,000 እንደ ሆነ ብዙ ተማሪዎች ይጠይቃሉ፤ መልሱ የኢኮኖሚ መልስ ነው። ለሬዲዮ መቀበያ ሲባል በገፍ የሚመረት 455 ኪሎኸርዝ የሚርገበገብ ርካሽ የሴራሚክ ዕቃ ነበረ። የሪሞት ሠሪዎች ያንን ዕቃ ወስደው ንዝረቱን ለ12 አካፈሉት፤ 37.9 ኪሎኸርዝ መጣ። በኋላ 38 ተብሎ ተለመደ። በ36 እና በ40 ኪሎኸርዝ የሚሠሩም አሉ፤ የፊሊፕስ አርሲ-5 በ36፣ የሶኒ ደግሞ በ40 ይሠራል።

በሪሲቨራችሁ ፊት ላይ፣ ከጥቁሩ ፕላስቲክ በስተጀርባ፣ ሦስት እግር ያላት ትንሽ ጥቁር ዕቃ አለች። ተቀባይዋ እሷ ናት። በገበያ ቲኤስኦፒ ወይም ቪኤስ 1838 በሚሉ ስሞች ትታወቃለች። አንዱ እግር ለኃይል፣ አንዱ ለመሬት፣ አንዱ ለመልእክት ነው። ብርሃን የሚቀበለው ፎቶ ዳዮዱም፣ ማጉያውም፣ ማጣሪያውም በዚያች ትንሽ አካል ውስጥ አሉ። የ38 ኪሎኸርዝ ብርሃን ሲመጣ የመልእክት እግሯ ወደ ዜሮ ቮልት ይወርዳል፤ ሲቋረጥ ይመለሳል። ለጀማሪ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም፤ በእጅ የሚሠራ ቢሆን ብዙ ወር የሚፈጅ ሥራ በሦስት እግር ተጠቃሎ ተቀምጧል።

መልእክቱ ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ በብዙ ሪሞቶች ላይ የሚገኘውን የኤንኢሲን ሥርዓት ወስጄ ላሳያችሁ። መጀመሪያ ለ9 ሚሊሰከንድ ብርሃን ይላካል፤ ተቀባዩ እንዲነቃ ነው። ለ4.5 ሚሊሰከንድ ጨለማ ይሆናል። ከዚያ ቢት የሚባሉት የዜሮና የአንድ ምልክቶች ይከተላሉ። እያንዳንዱ ቢት የሚጀምረው 562 ማይክሮሰከንድ ገደማ በሚቆይ ብርሃን ነው፤ ዜሮንና አንድን የሚለየው ከብርሃኑ በኋላ የሚመጣው የጨለማ ርዝመት ነው። ጨለማው ከብርሃኑ ጋር እኩል ከሆነ ዜሮ፣ ሦስት እጥፍ ከረዘመ አንድ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ቢቶች የዕቃው አድራሻ ይመጣል፤ ቀጥሎ ያው አድራሻ ተገልብጦ፣ ዜሮው አንድ አንዱም ዜሮ ሆኖ ይመጣል። ከዚያ የትእዛዙ ስምንት ቢት፣ ቀጥሎም ግልባጩ። ተቀባዩ ሁለቱን ያስተያያል፤ አንዲት ቢት እንኳ ካልገጠመች መልእክቱን ይጥለዋል። በግልባጮቹ አዲስ ወሬ የለም፤ የአድራሻውንና የትእዛዙን እውነተኛነት ለማረጋገጥ ብቻ የተላኩ ናቸው። የመረጃ ልውውጥ ትምህርት ልቡ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መላክ ቀላል ነው፤ የተላከው ሳይበላሽ መድረሱን የሚያረጋግጥ መንገድ ማበጀት ግን ጥበብ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ የሚቆጥረው ማን ነው? ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ በአንዲት ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር። በወጣቶቻችን እጅ በብዛት የሚገኘው አርዱዪኖ የተባለው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን፣ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው። በታወቀው ኡኖ ቦርድ ላይ ያለችው ኤቲሜጋ 328 የተባለች ቺፕ ለፕሮግራም የሚሆን 32 ኪሎባይት፣ ለጊዜያዊ ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ብቻ አላት። ከእጃችሁ ስልክ ጋር ስትተያይ እጅግ ትንሽ ናት። ለእኛ ሥራ ግን ትበቃለች፤ ትንሽነቷም ለተማሪ ጥቅም አለው፤ የምትሠራውን ነገር ሁሉ አንድ ሰው በራሱ አእምሮ ሊይዘው ይችላል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ቺፗ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች። 38,000 ጊዜ የሚርገበገብ ብርሃን ብንፈልግ 16,000,000ን ለ38,000 ስናካፍል 421 ገደማ ይመጣል። ከዚህ ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ ነው፤ ስለዚህ በየ210 ምቱ እግሯን እንድትገለብጥ በውስጧ ያለውን የጊዜ ቆጣሪ እናዘዋለን። ውጤቱ 38,095 ይሆናል። ከተፈለገው ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ በመቶ ሩብ ያህል ነው፤ ተቀባይዋ አይከብዳትም።

የቺፗ እግር ብቻውን አምፖሏን አጥብቆ ሊያበራት አይችልም። በመካከል አንድ ትራንዚስተር ይገባል፤ ለምሳሌ 2222 በሚል ቁጥር የሚታወቀው። ኃይሉ 5 ቮልት ነው፤ አምፖሏ 1.4 ቮልት ገደማ፣ ትራንዚስተሩ 0.2 ቮልት ይወስዳሉ። የቀረው 3.4 ቮልት 100 ሚሊአምፔር እንዲያሳልፍ ከፈለግን 34 ኦም እንፈልጋለን፤ በገበያ 33 ኦም ይገኛል። ይህ መጠን ለሚርገበገብ ብርሃን ብቻ ነው፤ በፕሮግራም ስሕተት አምፖሏ ሳትጠፋ ከቆየች ልትቃጠል ትችላለች። በጠንካራ የኢንፍራሬድ አምፖል ላይ ዓይን ተክሎ ማየትም ተገቢ አይደለም። ብርሃኑ ስለማይታይ ዓይናችን ራሱን ለመከላከል አይጨፍንም።

የርቀት ነገር ወጣቶችን ብዙ ጊዜ ያሳስታቸዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን በአራት እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ አሥር ሜትር የሚደርሰውን ሃያ ለማድረስ አራት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። አምፖል ከመጨመር ይልቅ ፊቷ ላይ ሌንስ ማድረግ ይሻላል፤ የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልከዋል።

አገራችን ከፍ ያለ ነው፤ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል። ይህ ከፍታ ለዚህ ሥራ የራሱ ትርጉም አለው። የፀሐይ ብርሃን ወደ ምድር ሲወርድ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ከ940 ናኖሜትር አካባቢ ጥቂቱን ይውጠዋል። ለሪሞት ይህ የሞገድ ርዝመት ከሚስማማባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ በዚያ ቦታ የፀሐይ ረብሻ ይቀንሳል። በደጋ በበጋ ግን አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ያ ጥላ ይሳሳል፤ ፀሐይዋም ታይላለች። ተቀባይዋ ቀጥታ ፀሐይ ከመታት ፎቶ ዳዮዷ በብርሃን ይሞላና መልእክቱ ሊሰማት አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ጣት የሚያህል ቆርጦ ፊቷ ላይ መግጠም። ጉምን በተመለከተ ደግሞ ኢንፍራሬድ ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል የሚል ወሬ ይሰማል። ለ940 ናኖሜትር ይህ እውነት አይደለም። የክረምት ጉም ጠብታ ከዚህ ሞገድ እጅግ ይበልጣል፤ ዓይን በማያይበት ጉም ውስጥ የሪሞቱም ብርሃን ይበተናል።

ብርዱም አለ። ኤቲሜጋ ምቷን የሚያስተካክል ውጫዊ ክሪስታል ሳይኖራት፣ በውስጧ ባለው ሰዓት ልትሠራ ትችላለች፤ ነገር ግን ያ ሰዓት ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ አሥር በመቶ ሊዛነፍ ይችላል፤ ከሙቀትና ከቮልቴጅ ጋርም ይለዋወጣል። አሥር በመቶ ከተዛነፈ 38ቱ 34 ወይም 42 ይሆናል፤ ተቀባይዋ ይደክማታል፣ ርቀቱም ያጥራል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚፈራረቅበት በጉና እግር ሥር የሚቀመጥ ዕቃ ክሪስታል ያስፈልገዋል። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ብሎ ይህን መተው ትልቅ ስሕተት ነው።

ሌሎች ረብሻዎችም አሉ። ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች በውስጣቸው ያለው ማስነሻ በአሥር ሺዎች ኸርዝ ስለሚርገበገብ አንዳንዶቹ ከ38 ኪሎኸርዝ ጋር ይጋጫሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማራችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። በፕላዝማ ስክሪን ውስጥ ያለው ዜኖን የተባለ ጋዝ ሥዕሉን ሲያበራ ከ820 እስከ 900 ናኖሜትር አካባቢ ኢንፍራሬድም ይረጫል። ስክሪኑ ማጣሪያ መስታወት ቢኖረውም የሚያመልጠው ብርሃን ሪሞትን የሚረብሽበት ጊዜ አለ። በዚያ ዘመን የፊዚክስ ትምህርት በፕላዝማ ይተላለፍ ነበር። ፕላዝማው ራሱ የፊዚክስ ትምህርት ሊሆን ይችል እንደ ነበር ሳስብ ይቆጨኛል፤ ተማሪው ከፊቱ የቆመውን መሣሪያ ከፍቶ እንዲጠይቅ ቢፈቀድለት ኖሮ ምን ያህል ይማር ነበር!

ኢንፍራሬድ ከሪሞት ያለፈ ታሪክም አለው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ኖኪያ 6230 ወይም 6600 የያዙ ሁለት ሰዎች ስልኮቻቸውን ራስ ለራስ አገጣጥመው፣ እጃቸው እንዳይንቀሳቀስ እየተጠነቀቁ ፋይል ይላላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ኢርዳ የተባለ ማኅበር ያወጣው ሥርዓት ነው። በሰከንድ ከ9,600 ቢት ጀምሮ 115,200 ይደርስ ነበር፤ በኋላም አራት ሚሊዮን። ርቀቱ ግን አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቅርብ ለቅርብ ስለሆነ የ38 ኪሎኸርዙን መርገብገብ አልፈለገም፤ ፍጥነቱ የመጣውም ከዚያ ነው። ብሉቱዝ ሲመጣ ቀረ።

ኢንፍራሬድ ያልቀረበት ቦታ ግን አለ፤ የመብራት ቆጣሪ ነው። በዘመናዊ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ፊት ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ክብ ነገር ይታያል። ሠራተኛው በማግኔት የሚጣበቅ የኦፕቲክ ጭንቅላት እዚያ ላይ ያሳርፍና በኢንፍራሬድ ከቆጣሪው ጋር ይነጋገራል። ዓለም አቀፍ ደረጃው አይኢሲ 62056-21 ይባላል፤ ንግግሩ በሰከንድ በ300 ቢት፣ እጅግ ቀስ ብሎ ይጀምርና ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በኋላ ይፈጥናል። ለምን በሽቦ አልተደረገም? ቆጣሪው የታሸገ መሆን አለበት። ቀዳዳ ካለው ውሃ፣ አቧራና ጉንዳን ይገባሉ፤ የሰውም እጅ ይገባል። ብርሃን ግን በታሸገ መስኮት ያልፋል፤ የሚያልቅ መሰኪያ የለውም፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል የኤሌክትሪክ ግንኙነት ስለሌለ አደጋም አይተላለፍም። የመንግሥትን ቆጣሪ መነካካት በሕግ ያስጠይቃል፤ አትንኩት። ሐሳቡን ግን ውሰዱት።

ሐሳቡን የምወስድበትን ቦታ ልንገራችሁ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉ ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ ምክንያቱንም እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል፣ በአንዱ ተረተር ሲዘንብ ሌላውን ያልፈዋል። ጉና ላይ ሲያጨልም የበሽሎ ቆላ ደርቆ የሚውልበት ቀን አለ። በአንድ የወረዳ ከተማ የተተከለ የዝናብ መለኪያ የገደሉን ሥር አይነግረንም። የተለመደውን መለኪያ ደግሞ ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እየሄደ ማንበብ አለበት፤ በየገደሉ ሰው ማቆም አይቻልም። ሲም ካርድ ያለው መሣሪያ እንተክል ብንል በየሸለቆው ኔትወርክ የለም፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሣጥን አስቡ። ከላይ ማጥለያ አለው፤ ዝናቡ በሁለት ጎን ወደሚወዛወዝ ትንሽ ጎድጓዳ ይወርዳል። ጎድጓዳው 4 ሚሊሊትር ሲሞላ ይደፋል። የማጥለያው አፍ ስፋት 200 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ እያንዳንዱ መደፋት 0.2 ሚሊሜትር ዝናብ ነው። በጎድጓዳው ላይ ያለች ማግኔት በሚደፋበት ጊዜ አንዲት ማብሪያ ታሠራለች፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ተመልሶ ይተኛል። እያንዳንዱ ሰዓት አራት ባይት ይወስዳል። 32 ኪሎባይት በሚይዝ ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ 8,192 መዝገብ ይገባል፤ ይህም 1,638 ሚሊሜትር ዝናብ ነው። ለአንድ ክረምት ይተርፋል። ለሰዓቱ ዲኤስ 3231 የተባለችው ቺፕ ከሙቀት ለውጥ ጋር ራሷን ስለምታስተካክል በዓመት የምትዛነፈው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ ይታሸጋል። በጎኑ ከግልጽ ፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ መስኮት ብቻ አለው፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ አንዲት አምፖልና አንዲት ተቀባይ አሉ። በወር አንድ ቀን፣ ወደ ገበያ የሚወጣ የአካባቢው መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ እንዲሁ አምፖልና ተቀባይ ያለው ሌላ ቦርድ ይዞ በመስኮቱ ፊት ይቆማል፤ “የያዝከውን ስጠኝ” የሚል ምልክት ይልካል፤ ሣጥኑም ይሰጠዋል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በሪሞቱ ሥርዓት፣ በኤንኢሲ ብንልከው በአንድ መልእክት የምናገኘው ሁለት ባይት ነው፤ አንዱ መልእክትም ዕረፍቱን ጨምሮ 110 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። 32,768 ባይት ለማውረድ ግማሽ ሰዓት መቆም ሊኖርብን ነው። ይህ አይሆንም። ኮምፒዩተሮች በለመዱት መንገድ ባይት በባይት በተከታታይ ብንልከውስ? ሌላ ችግር ይመጣል፤ ዜሮ ሲደጋገም ብርሃኑ ሳይቋረጥ ይረዝማል፤ ተቀባይዋም ያለ ዕረፍት የሚመጣን ምልክት እንደ አምፖል ረብሻ ቆጥራ ጆሮዋን ትዘጋለች። ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ አንድ ቃል ይላላካሉ፤ ረዥም ፋይል ሲልኩ ግን መካከሉ ይጠፋባቸዋል፣ ምክንያቱንም አያገኙትም።

መውጫው ማንቸስተር የሚባለው አጻጻፍ ነው። እያንዳንዱ ቢት በሁለት እኩል ግማሽ ይከፈላል፤ በአንዱ ግማሽ ብርሃን፣ በሌላው ጨለማ አለ። ብርሃኑ ከቀደመ አንድ፣ ከዘገየ ዜሮ ይባላል። በዚህ መንገድ የትኛውም መልእክት ቢላክ ብርሃኑ ከሁለት ግማሽ በላይ አይረዝምም። ግማሹ 417 ማይክሮሰከንድ ይሁን፤ በዚያ ውስጥ ወደ 16 የሚጠጋ መርገብገብ አለ፤ ተቀባይዋ ለማወቅ ከምትፈልገው አሥር ይበልጣል። መረጃውን በ16 ባይት ጥቅል እንከፍለዋለን። በየጥቅሉ መጀመሪያ መነሻ ምልክትና ተራ ቁጥር፣ በመጨረሻው ከይዘቱ በስሌት የሚገኝ ሲአርሲ የተባለ ማረጋገጫ እንጨምራለን። በጠቅላላው 21 ባይት ሆነ፤ 140 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ 60 ሚሊሰከንድ ዕረፍት እንሰጣለን። በዕረፍቱ ላይ ተቀባዩ ወገን “ደረሰኝ” ወይም “ድገምልኝ” ብሎ ይመልሳል። 2,048 ጥቅል በ0.2 ሰከንድ ስናባዛው ወደ ሰባት ደቂቃ ይመጣል። ሰባት ደቂቃ መቆም ይቻላል፤ አንድ ጥቅል በመካከል ሰው ቢያልፍበት እንኳ የሚደገመው እሱ ብቻ ነው።

ስለ ኃይሉ አንድ ነገር ልጨምር። ማይክሮኮንትሮለሯ ስትተኛ ከአንድ ማይክሮአምፔር ያነሰ ልትወስድ ትችላለች፤ ተቀባይዋ ግን ሳትሠራ እንኳ 0.35 ሚሊአምፔር ገደማ ትበላለች። ሁልጊዜ ክፍት ከሆነች ሁለት የባትሪ ድንጋይ ዓመት ሳይሞላ ትጨርሳለች። ስለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ ለቅጽበት ትነቃ፣ ጥሪ ከሌለ ትጥፋ። ሙሉው የአርዱዪኖ ቦርድም ለዚህ አይሆንም፤ በላዩ ያሉት መብራትና ሌሎች ዕቃዎች ድንጋዩን በጥቂት ቀን ይጨርሱታል። በቦርዱ ተማሩ፤ ሜዳ ላይ ለሚቀመጠው ግን ቺፗን ብቻዋን ከክሪስታሏ ጋር አስቀምጡ፤ በ3 ቮልት ደግሞ ክሪስታሉ 8 ሜጋኸርዝ ይሁን።

በብሉቱዝ ለምን አይሆንም የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይሆናል። የብሉቱዝ ሞጁል ገዝቶ ማገናኘት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ነገር ግን በውስጡ የሚሆነው ሁሉ ለተማሪው የተዘጋ ነው። በኢንፍራሬድ ግን የጊዜውን ርዝመት የሚመርጠው፣ ጥቅሉን የሚሠራው፣ ማረጋገጫውን የሚያሰላው፣ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ራሱ ተማሪው ነው። ብልጭታውን በስልኩ ካሜራ ያየዋል። ይህን ያወቀ ልጅ ነገ ብሉቱዝን ወይም የሞባይል ኔትወርክን ሲማር ያው መነሻ ምልክት፣ ያው ተራ ቁጥር፣ ያው ማረጋገጫ ይጠብቀዋል። ፈቃድን በተመለከተ ደግሞ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን በባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ ይህም ተገቢ ነው። በዓለም አቀፍ ትርጉም ሬዲዮ የሚባለው እስከ 3,000 ጊጋኸርዝ ያለው ነው፤ የእኛ ብርሃን 319,000 ጊጋኸርዝ ገደማ ላይ ነው፤ ለተማሪ ሙከራ የሬዲዮ ፈቃድ የሚያስጠይቅ ጉዳይ አይደለም።

የፊዚክስ መምህራን፣ ስለ ብርሃን ሞገዶች በምታስተምሩበት ሳምንት አንድ ሪሞትና አንድ ስልክ ይዛችሁ ክፍል ግቡ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ሥራ ስትመርጡ ይህን የዝናብ ሣጥን አስቡበት፤ የሚለካው ዝናብ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ደጃፍ ይጀምራል። ሪሲቨር የምትጠግኑ ወንድሞችና እህቶች፣ የተቃጠለውን ቦርድ ከመጣላችሁ በፊት ሦስት እግር ያላትን ተቀባይ በጥንቃቄ ንቀሉ፤ ክሪስታሉንና ትራንዚስተሮቹንም አብራችሁ አውጡ፤ በአንድ ጣሳ አጠራቅማችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው ትምህርት ቤት ስጡ።